ሻይን ሙስካት፦ የቅንጦት ወይን በምን ይሠራል፣ በምንስ ይረክሳል?

ሻይን ሙስካት የተባለው አረንጓዴ የጃፓን የወይን ፍሬ ቻይና ገበያ ላይ ብቅ ባለበት ሰሞን ግማሽ ኪሎው እስከ 300 ዩዋን ይሸጥ ነበር። ሸማቾችም በታወቀው ውድ የፈረንሳይ ቦርሳ ስም “የወይኖች ሄርሜስ” ይሉት ነበር። ዛሬ እዚያው አገር፣ ወይን በሚበዛበት ወር፣ ግማሽ ኪሎው በ10 ዩዋን አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይገኛል። ተክሉ ያው ነው፤ አንዱ ከሌላው በቁራጭ የተባዛ ስለሆነ በዘረመል ልዩነት የለውም። ጃፓን ውስጥ ግን ከዚሁ ዝርያ የተቆረጠ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ የተኛ አንድ ዘለላ አሁንም ለአለቃ፣ ለሐኪም፣ ለአማች የሚወሰድ የክብር ስጦታ ነው።

ስለ ውድ የጃፓን ፍራፍሬ የሚወጡ ዜናዎች አብዛኛውን ጊዜ የጨረታውን ዋጋ ነግረው ያልፋሉ። ዋናው ጉዳይ ግን ዋጋው ከየት እንደሚመጣ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ለዝርያው ሳይሆን በዝርያው ላይ ለሚፈሰው የእጅ ሥራና ደረጃውን ያልደረሰውን “አይሸጥም” ብሎ ለሚመልስ ሥርዓት ነው የሚል ነው። ሁለቱ በሌሉበት ምርጡ ዝርያም ተራ ወይን ይሆናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዝርያው የመጣው ጃፓንን ለረጅም ጊዜ ካስቸገረ ችግር ነው። ሥጋቸው ጠጣር፣ ጣዕማቸው የጠራ የአውሮፓ ወይኖች ደረቅ በጋ ይፈልጋሉ። ጃፓን ውስጥ ግን በሰኔና በሐምሌ ዝናቡ ስለማያባራ ፍሬያቸው ይሰነጠቃል፣ በፈንገስም ይበሰብሳል። በዚህ ምክንያት ኦካያማ ውስጥ ሙስካት ኦፍ አሌክሳንድሪያ የተባለው ጥንታዊ ወይን ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በመስታወት ቤት ነው የሚለማው። የአሜሪካ ወይኖች በበኩላቸው ዝናቡን ይችሉታል፤ ሥጋቸው ግን ልል ነው፣ ቆዳቸው ከሥጋው ይላቀቃል፣ ሽታቸውም ለብዙ ሰው ይከብዳል። ሂሮሺማ ግዛት፣ አኪትሱ የሚገኘው የመንግሥት የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያ ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ብዙ ዓመት ደክሟል። በመጀመሪያ ስቶይበን የተባለውን የአሜሪካ ድቅል ከሙስካት ኦፍ አሌክሳንድሪያ ጋር አዳቅሎ አኪትሱ 21ን አገኘ። ቀጥሎ፣ በ1988፣ አኪትሱ 21ን ሃኩናን ከተባለ ዝርያ ጋር አዳቀለ። የሃኩናን አንዱ ወላጅ ካታኩርጋን ነው፤ ይህም ፍሬው ትልቅና ጠጣር የሆነ የኡዝቤኪስታን ወይን ነው። ከዚህ ሁሉ የተገኘው ተክል በ2006 ሻይን ሙስካት ተብሎ ተመዘገበ። የሙስካት መዓዛ አለው፣ ሥጋው ሲነከስ ይሰበራል፣ ቆዳው ስስ ስለሆነ አብሮ ይበላል፣ ዝናብንም ከአውሮፓ ዘመዶቹ በተሻለ ይችላል።

በጊዜው እንደ ትልቅ ነገር ያልታየ ሌላ ጥቅምም አለው፤ አረንጓዴ መሆኑ። ቀይና ጥቁር ወይን ቀለሙን የሚያወጣው ፍሬው መብሰል በሚጀምርበት ጊዜ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። የጃፓን በጋ እየሞቀ በሄደ ቁጥር ኪዮሆና ፒዮኔን የመሳሰሉ ጥቁር ወይኖች ስኳራቸው ሞልቶ እያለ ቀለማቸው ደብዝዞ ይቀራል፤ ደብዛዛ ወይን ደግሞ ስጦታ አይሆንም። ሻይን ሙስካት ይህ ጭንቀት የለበትም። ገበሬው በብዛት ወደ እሱ የዞረበት፣ ለብዙ ዘመን የጃፓን ቀዳሚ ወይን የነበረውን ኪዮሆንም በስፋት የቀደመበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። የጃፓን ወይን የሚለማው ከሰው ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ በተወጠረ የሽቦ ዳስ ላይ ነው። ቅርንጫፉ በዳሱ ላይ ይዘረጋል፣ ዘለላው ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ሠራተኛው ከሥር ቆሞ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይሠራል። በአንድ ለጋ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ዘለላ ብቻ ይቀራል፣ ሌላው በጊዜ ይወገዳል። የቀረውም ቢሆን እንዳለ አይተውም። የወይን የአበባ ዘለላ በመቶዎች የሚቆጠሩ እምቡጦች አሉት። ገበሬው አበባው መፈንዳት ሲጀምር የላይኛውን ክፍል በሙሉ ያረግፍና ከጫፉ 3.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያስቀራል። ይህን የሚያደርገው ለመጠን ብቻ አይደለም። ሙሉው ዘለላ ከተተወ የላይኛውና የታችኛው አበባ የሚፈነዳው በተለያየ ቀን ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው አጭር ክፍል ግን ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ቀጣዩ ሥራ ደግሞ ሁሉም አበባ እኩል ዕድሜ ላይ እንዲሆን ይፈልጋል።

ቀጣዩ ሥራ ፍሬውን ዘር አልባ ማድረግ ነው። ሻይን ሙስካት በተፈጥሮው ዘር አለው። ዘሩን የሚያጠፋው ጊበሬሊን የተባለ የዕፅዋት ሆርሞን ነው። እሱም ጃፓናውያን ያገኙት ነው፤ ኩሮሳዋ ኤይቺ በ1926 የሩዝ ቡቃያን ያለ ልክ የሚያስረዝመው በሽታ ፈንገሱ ከሚያመነጨው ንጥረ ነገር እንደሚመጣ አሳየ፣ ያቡታ ቴይጂሮም በ1935 ለንጥረ ነገሩ ስም ሰጠው። ዛሬ የወይን ገበሬው በአንድ ሊትር ውሃ 25 ሚሊ ግራም በጥብጦ በኩባያ ይይዛል፤ እያንዳንዱን የአበባ ዘለላ አንድ በአንድ ይነክራል። የመጀመሪያው ንክር አበባው ሙሉ በሙሉ ከፈነዳበት ቀን አንስቶ በሦስት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ይህ ዘሩን ያስቀራል። ሁለተኛው፣ በዚያው መጠን፣ ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ ይደረጋል፤ ይህ ፍሬውን ያሳብጣል። ዘሩ በእርግጠኝነት እንዲጠፋ የሚፈልግ አበባው ከመፈንዳቱ በፊት ስትሬፕቶማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ በሊትር 200 ሚሊ ግራም ይጨምራል። ፍሬው ከዘለላው እንዳይረግፍ ደግሞ በመጀመሪያው ንክር ላይ ፎርክሎርፌኑሮን የሚባል ሌላ ማነቃቂያ በሊትር ከ2 እስከ 5 ሚሊ ግራም ይገባል።

ስህተት የሚበዛውም በዚህ ደረጃ ነው። ሳይፈነዳ የተነከረ ዘለላ አጥንቱ (ፍሬዎቹ የተያያዙበት አረንጓዴ ዘንግ) ይጣመማል፣ አበባውም ይረግፋል። ዘግይቶ የተነከረ ዘር ይዞ ይቀራል፤ ዘር አልባ ተብሎ የተሸጠ ወይን ውስጥ ዘር መገኘቱ ደግሞ ደንበኛን ያሳጣል። በጠራራ ፀሐይና በደረቅ ነፋስ ከተሠራ ፈሳሹ ሳይሰርጽ ይደርቃል፤ ስለዚህ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ወይም ደመና ባለበት ቀን መሥራት ይመረጣል። ከተነከረ በኋላ ወዲያው ዝናብ ቢመታው ይታጠብና ሥራው ይደገማል። ጫፉ ላይ ተንጠልጥላ የምትቀር የፈሳሽ ጠብታም በቆዳው ላይ ጠባሳ ስለምትተው ዘለላው ቀስ ተደርጎ ይራገፋል።

ከዚያ ማሳሳት ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ ጉልበትና ዓይን የሚጨርሰው ሥራ ይህ ነው። ፍሬው የአተር ያህል ሲሆን ሠራተኛው ጫፉ በቀጠነ መቀስ ወደ ውስጥ የዞረውን፣ ሽቅብ የቆመውን፣ ያነሰውንና የተጫረውን ፍሬ እየነቀሰ ያወጣል። ከ500 እስከ 600 ግራም ለሚመዝን ዘለላ ከ35 እስከ 40 ፍሬ ብቻ ይቀራል። እያንዳንዱ ፍሬ ሲሞላ ከጎረቤቱ ጋር ተነካክቶ ሳይጨፈላለቅ፣ በመሃሉም ክፍተት ሳይኖር፣ ዘለላው እንዲደላደል ሠራተኛው ከሁለት ወር በኋላ የሚኖረውን ቅርፅ አሁን ማየት አለበት። አንድ ሳምንት ከዘገየ ፍሬዎቹ ስለሚጣበቁ መቀሱ ማለፊያ ያጣል፣ ያለፈበትንም ይቧጭራል። አንድ አርሶ አደር በሺዎች የሚቆጠሩ ዘለላዎች ያሉት ሲሆን ይህ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ማሽን እስካሁን ይህን ሥራ ከሰው እጅ አልተረከበም። ዋጋው ለምን እንደሚከብድ ለሚጠይቅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ማሳሳቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ዘለላ በወረቀት ከረጢት ይታሸጋል፤ ከዝናብ፣ ከነፍሳትና ከርጭት መድኃኒት ይከላከልለታል። ፀሐይ በሚበረታበት ቦታ ከላዩ ትንሽ ጃንጥላ መሰል ሽፋን ይደረብለታል፣ አለበለዚያ ፍሬው ይቃጠላል። አጨዳው በቀን መቁጠሪያ አይወሰንም። ወይን ጣፋጭነቱ ከላይ ወደ ታች ስለሚቀንስ ከዘለላው ግርጌ አንድ ፍሬ ተወስዶ ስኳሩ ይለካል። ግርጌው ከ18 በመቶ ካለፈ ሌላው አያሰጋም።

አንድ ዘለላ ብዙ ፍሬ፣ አንድ ዳስም ብዙ ዘለላ ሲሸከም ቅጠሉ ያመረተው ስኳር ለሁሉም ይከፋፈላልና ለማንም አይበቃም። ጥሩ ገበሬዎች ከአንድ ሄክታር ከ15 እስከ 18 ቶን ላይ የሚገቱት ለዚህ ነው። ሻይን ሙስካት ደግሞ ለስግብግብነት የተመቸ ተክል ነው፤ ብርቱ ስለሆነ ብዙ ጫን ቢሉትም ይሸከማል፣ አረንጓዴ ስለሆነም አለመብሰሉ በዓይን አይታወቅም። ያልበሰለ ቀይ ወይን ቀለሙ ያጋልጠዋል፤ ያልበሰለ ሻይን ሙስካት ግን ከበሰለው ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ብዙ ሰው አይለየውም። የቻይናው ውድቀት የጀመረው ከዚህ ነው።

የጃፓን ግብርና ሚኒስቴር ግምት እንደሚለው ቻይና ውስጥ የሻይን ሙስካት እርሻ 53,000 ሄክታር ደርሷል፤ ይህም ከጃፓኑ 30 እጥፍ ገደማ ነው። ደቡብ ኮሪያም ወደ 1,800 ሄክታር አላት። የመጀመሪያዎቹ አምራቾች ባተረፉት ገንዘብ የተሳቡ ሌሎች ተከተሉ፤ ብድራቸውን ቶሎ ለመመለስ ምርቱን በክብደት አሰሉት፤ ዘለላው እንዲገዝፍ ማነቃቂያውን አበዙ፤ ከሌሎች ቀድሞ ለመሸጥም ሳይበስል አጨዱ። ማነቃቂያ የበዛበት ፍሬ ያብጣል እንጂ አይጣፍጥም፤ ቆዳው ይወፍራል፣ መዓዛውም ይጠፋል። ሸማቹ አንድ ሁለቴ በውድ ገዝቶ ውሃ ውሃ የሚል ወይን ሲያጋጥመው ስሙን ማመን ተወ። ቻይና ውስጥ ምርቱን ቀንሰው፣ በጥንቃቄ ሠርተው እጅግ ጥሩ ወይን የሚያወጡ ገበሬዎች መኖራቸው መዘንጋት የለበትም። ነገር ግን ገበያው ላይ የእነሱን ፍሬ ከሌላው የሚለይ ደረጃም ተቆጣጣሪም ስላልነበረ እነሱም በሌሎች ዋጋ ለመሸጥ ተገደዱ።

ተክሉ እንዴት ወጣ? ወይን ዘር አያስፈልገውም፤ እርሳስ የምታህል፣ ሁለት ዐይን ያላት ቁራጭ በሌላ ግንድ ላይ ተሰክታ ብትጣበቅ በሦስተኛው ዓመት ፍሬ ትሰጣለች። እንዲህ ያለውን ቁራጭ በድንበር ፍተሻ ማስቆም የሚቻል ነገር አይደለም። ማስቆም የሚቻለው በሕግ ነበር። የዕፅዋት አዳቃዮችን መብት የሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ዛፍና ወይን በአገሩ ከተሸጠ ስድስት ዓመት ሳያልፈው በሌላ አገር እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ጃፓን ሻይን ሙስካትን በቻይናም በኮሪያም ሳታስመዘግብ ጊዜው አለፈ። የዝርያው ባለቤት የሆነው የመንግሥት ተቋም ወይኑን ያዘጋጀው ለአገር ውስጥ ገበሬ ነበር፤ የውጭውን ገበያ ያሰበው አልነበረም። ስለዚህ ቻይናዊውና ኮሪያዊው ገበሬ ዛሬ የሚያለማው በሕግ አግባብ ነው፤ ለጃፓን የሚከፍለው አንዳች ነገር የለም። ሚኒስቴሩ ከሽያጩ 3 በመቶ የፈቃድ ክፍያ ቢሰበሰብ ኖሮ በሚል ስሌት፣ ከቻይና ብቻ በዓመት ከ10 ቢሊዮን የን በላይ እንደሚያጣ ገምቷል።

ሕጉ የተጠናከረው ከዚያ በኋላ ነው። በ2020 መጨረሻ የተሻሻለው የዘርና ችግኝ ሕግ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ የተመዘገበ ዝርያን ባለመብቱ ወዳልፈቀደው አገር መውሰድን ከልክሏል። ከሚያዝያ 2022 ወዲህ ደግሞ ገበሬው በራሱ ማሳ ላይ እንኳ የተመዘገበ ዝርያን ለማባዛት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጥፋተኛ የተገኘ ግለሰብ እስከ 10 ዓመት እስራት ወይም እስከ 10 ሚሊዮን የን ቅጣት ይጠብቀዋል። ይህ ለመጪዎቹ ዝርያዎች ይጠቅማል፤ የወጣውን ግን አይመልስም።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ጌሻ የተባለው ቡና በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስዶ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች አልፎ ኮስታሪካ፣ ከዚያም ፓናማ ገባ። በ2004 በፓናማ ጨረታ ዋጋው ከተሰቀለ ወዲህ በዓለም ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ነው። በዚያን ዘመን ለዝርያ የሚከራከር ዓለም አቀፍ ሕግ አልነበረም። በኋላ ኢትዮጵያ የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የተከራከረችው ተክሉ ከእጅ ቢወጣም ስሙን ማስቀረት ስለሚቻል ነው፤ ጃፓንም አሁን ትኩረቷን ወደዚያ እያዞረች ነው።

ሥርዓቱ ጥብቅ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት ኢሺካዋ ግዛት ያለውን ሩቢ ሮማን የተባለ ቀይ ወይን መመልከት ይበቃል። የኢሺካዋ የምርምር ማዕከል ፉጂሚኖሪ ከተባለ ጥቁር ወይን ዘር 400 ችግኝ አብቅሎ ቀይ ሆነው የተገኙት አራቱ ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም ለገበያ የበቃው አንዱ ነው። በ2008 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸጥ አንድ ዘለላ 100,000 የን አወጣ። ደረጃው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ፍሬ ቢያንስ 20 ግራም፣ ስፋቱ 31 ሚሊ ሜትር፣ ስኳሩ 18 በመቶ፤ ቀለሙም በተዘጋጀ የቀለም ካርድ ይመሳከራል። ከፍተኛው እርከን ውስጥ ለመግባት ፍሬው 30 ግራም መድረስ አለበት። በ2010 እዚህ እርከን የደረሱት ስድስት ብቻ ነበሩ። በ2011 አንድም አልተገኘም፤ ያም ሆኖ የእርከኑ መለኪያ ዝቅ አልተደረገም። ስሙን ያቆመው የዚያ ዓመት ባዶ ሣጥን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጨረታውን በተመለከተ ግን አንባቢ መሳሳት የለበትም። በኢሺካዋ ዋና ከተማ በካናዛዋ የጅምላ ገበያ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የሚካሄደው የመጀመሪያው ጨረታ በ2019 1.2 ሚሊዮን፣ በ2022 1.5 ሚሊዮን፣ በ2023 1.6 ሚሊዮን የን ደርሷል። የ2019ኙ ዘለላ 24 ፍሬ ስለነበረው የአንዷ ፍሬ ሒሳብ 50,000 የን ይሆናል። ይህ የወይን ዋጋ አይደለም። ገዢዎቹ ሆቴሎች፣ ጅምላ ነጋዴዎችና ትልልቅ ሱቆች ናቸው፤ የሚገዙት ለአዲሱ ወቅት የምሥራች ብለውና ስማቸው በቴሌቪዥን እንዲነሳ ነው። በማግስቱ ያው ወይን በጣም ወርዶ ይሸጣል። እውነተኛው ገበያ ያለው በበጋ አጋማሽና በዓመቱ መጨረሻ በሚሰጡ ስጦታዎች ላይ ነው። ቶኪዮ ኒሆንባሺ ውስጥ ከ1834 ጀምሮ የሚነግደው ሴምቢኪያ የመሰሉ የፍራፍሬ ቤቶች የሚኖሩት በዚህ ልማድ ነው። ስጦታ ተቀባዩ የሚያየው እንከን የሌለው መልክ፣ የቆመ አረንጓዴ አጥንትና በፍሬው ላይ ያለ ያልተነካ ነጭ ዱቄት መሰል ሰም ስለሆነ፣ ከላይ የተዘረዘረው ልፋት ሁሉ በአብዛኛው ለዓይን የሚሠራ ነው። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ሠራተኛው የሚያፈሰው ጊዜ ግን እውነተኛ ነው።

ሩቢ ሮማንም ቢሆን አላመለጠም። በ2021 በስሙ የሚሸጥ ወይን ኮሪያ ውስጥ ታየ፤ ኢሺካዋ በ2022 በዘረመል ምርመራ ያው ዝርያ መሆኑን አረጋገጠ። የስድስት ዓመቱ ጊዜ እዚህም አልፎ ነበር።

አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ በእስያ መደብሮች የምታገኙት ሻይን ሙስካት ብዙውን ጊዜ የኮሪያ ወይም የቻይና ምርት ነው፤ ሣጥኑ ላይ አገሩን አንብቡ። ስትመርጡ አጥንቱ አረንጓዴና ያልደረቀ፣ በፍሬው ላይ ያለው ነጭ ዱቄትም ያልተጠረገ ይሁን፤ ዱቄቱ የፍሬው የራሱ ሰም እንጂ መድኃኒት አይደለም። በጣም አረንጓዴ የሆነው ብዙ የሚቆይ ነው፤ ወደ ቢጫ ያዘነበለው ይበልጥ ይጣፍጣል፣ ግን ቶሎ መበላት አለበት። ከመጠን በላይ የገዘፈና ዘለላው ድንጋይ የሚመስል ከሆነ መዓዛ አትጠብቁበት። ቤት ሲገባ ፍሬውን ከነትንሽ አጥንቱ በመቀስ እየቆረጡ፣ ሳያጥቡ፣ በክዳን ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ፍሬው ተጎትቶ ከተነቀለ ቀዳዳ ይተርፈዋል፣ መበስበሱም ከዚያ ይጀምራል። ጃፓናውያን ነጋዴዎች የአጥንቱን ጫፍ በውሃ ቱቦ ውስጥ ሰክተው በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሦስት ወር ያህል ያቆዩታል፤ ዘግይቶ የታጨደው በጨረቃ አቆጣጠር ለሚከበረው የእስያውያን አዲስ ዓመት ሆንግ ኮንግና ታይዋን የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

የሻይን ሙስካት መብት ጃፓን ውስጥ በ2036 ያበቃል። ግዛቶቹ ከአሁኑ ልጆቹን እያወጡ ነው፤ ናጋኖ ከእሱ ያዳቀለው ኩዊን ሩዥ የተባለ ቀይ ወይን በ2021 ገበያ ገብቷል፣ እንዲያለሙትም የተፈቀደላቸው የግዛቱ ገበሬዎች ብቻ ናቸው። በ2025 ደግሞ ሻይን ሙስካት በፈቃድ ኒውዚላንድ እንዲለማ ሐሳብ ሲነሳ ወይን አምራች የሆነው የያማናሺ ግዛት ገዢ በይፋ ተቃውመውታል። የገበሬዎቹ ፍርሃት ይገባል፤ አንዴ ተጎድተዋል። ቢሆንም የደቡቡ ንፍቀ ክበብ ወይን የሚደርሰው የጃፓኑ ባለቀበት ወር ነው፤ ፈቃድ ያለው አልሚ ደግሞ ክፍያ ከመክፈሉም በላይ ያለ ፈቃድ የሚያለማውን ለመከታተል የራሱ ጥቅም ይኖረዋል። ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት የሄክታሩ ጣሪያ ብቻ ሳይሆን የስኳሩ ዝቅተኛ መጠን፣ በአንድ ዘለላ ላይ የሚቀረው ፍሬ ብዛትና ደረጃውን ያላሟላው በዝርያው ስም እንዳይሸጥ የሚከለክል አንቀጽ ነው።